ለጥላሸት የተለበሰ ነጭ ልብስ

ለውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚወጋሽ ጉልበትሽስ ለቀቀሽ ወይስ እንደ ክፉ ጎረቤት ዛሬም ሳትጠሪው ይመጣል? እንቅልፍሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ፣ የዓይንሽ ነገር እንዴት ሆነ? ሴት ልጅሽ ከሥራ ውላ ስትገባ አጠገብሽ ቁጭ ብላ የምታጫውትሽ ጊዜ ታገኛለች? እኔ ጥርሴን ለሐኪም፣ አንድ ጆሮዬን ለዕድሜ ካስረከብሁ ወዲህ የቀረውን ይዤ ደኅና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከመስኮቴ ሥር ያለው አናጺ መጋዙን ሲያስጮኸው እነቃለሁ። እንደ ድሮው የሰው ጽሑፍ የማርምበት ሥራ ስለሌለኝ፣ የጋዜጣውን ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ አርሜ፣ ለማንም ሳላሳይ እጥለዋለሁ።

ወደ አደራሽ ልምጣ። «ፈረሴን ለልጄ ልተውለት ወይስ ለጋጣዋ ባለቤት ልስጣት? አንተ አይተህ ንገረኝ» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ወንዱ ልጅሽ በየሳምንቱ እሑድ እየሄደ ፈረስሽን ጥላሸትን እንደሚጠይቀው፣ አንቺ ከፈቀድሽለትም ከከተማ ውጭ ወዳለው የጓደኛው ግቢ ሊያዛውረው እንዳሰበ ነግረሽኛል። ግቢውን አውቀዋለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከዘበኛ በቀር ሰው የማይረግጠው፣ ዘበኛውም ቢሆን ከአጥሩ ውጭ ከመንገደኛ ጋር ሲያወጋ የሚውልበት ስፍራ ነው። የጋጣዋ ባለቤት ደግሞ የጠየቀችሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥላሸት በለመደበት ጋጣ እስኪሞት እንዲኖርላት።

ልጅሽ ፍቅሩን በፎቶግራፍ ሊያስመሰክር ወሰነ። «ጋሼ፣ ከጥላሸት ጋር ተነሥተን ለእማዬ እንልክላታለን፤ ስታየው ልቧ ያርፋል» ብሎ እኔንም ጠራኝ። ብሄድ ሳሎኑ ውስጥ መቀመጫ አጣሁ። ሶፋው፣ የምግብ ጠረጴዛው፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ልብስ ለብሷል። በመካከሉ አንድ የልብስ አማካሪ ቆሟል። ሙያው፣ እንደ ነገሩኝ፣ ሰው ምን ቢለብስ እንደሚያምርበት መንገር ነው። የያዘውን ሁሉ አንዴ «ያምርብሃል»፣ አንዴ «ያምርብሻል» ስለሚል፣ እኔ በልቤ «ያምርብሃል» ብዬ ስም አወጣሁለት።

ከትምህርቱ ጥቂት ላካፍልሽ። ከፈረስ ጎን የሚቆም ሰው መስመር ያለው ልብስ አይለብስም፤ ዓይን ይበትናል። ምራትሽ ሰፊ ቀሚስ ታዘዘላት፤ ዳሌዋን ይሸሽግላታል፣ ነፋስ ሲነካው ደግሞ «ሕይወት አለው» ተባለ። ለልጅሽ ቦርጭ ቁልፉ የማይቆለፍ ረጅም ጃኬት ተገኘ። አዲሱ ቦት ጫማውም ብዙ የተጋለበበት እንዲመስል በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ። አባታችን አሮጌ ጫማውን አዲስ ለማስመሰል ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀለምና ከብሩሽ ጋር ሲታገል አድጌ፣ አዲሱን ለማስረጀት የሚለፋ ልጅ ለማየት በቃሁ። ለእኔም ነጭ ሻርፕ ቀርቦልኝ «አንገትዎን ይሸፍንልዎታል» ተባልሁ። አንገቴ እስከ ዛሬ ራሴን ተሸክሞ የኖረ ስለሆነ የሚያሳፍር ነገር እንደሌለው ነግሬ መለስሁት።

ቀጥሎ የቀለም ነገር ተነሣ። ያምርብሃል የፈረሱን መልክ ጠየቀ። ምራትሽ ሳታመነታ፣ «ስሙ ራሱ ጥላሸት ነው እኮ፤ ከሰል ነው የሚመስለው» አለችና ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አሳየችው። ያንን አንቺ በወጣትነቱ ልጓሙን ይዘሽ የተነሣሽውን ማለቴ ነው። ያምርብሃልም እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከጥቁር ጋር የሚያምረው ነጭ ብቻ ነው ሲል ፈረደ።

አንቺ እንደምታውቂው፣ የጥላሸት ዓይነቱ ፈረስ ጠቁሮ ይወለድና እንደ እኛ ጠጉር ከዕድሜው ጋር እየነጣ ይሄዳል። እሱም አምባላይ ከሆነ፣ ከጆሮው እስከ ጭራው ከነጣ፣ ሰንብቷል። ባለፈው ክረምት ሳየው አንዲት ጥቁር ጠጉር አልቀረችለትም። በየሳምንቱ እሑድ የሚጠይቀው ሰው ይህን እንዴት ያጣዋል? አፌን ዘግቼ የልጅሽን አፍ ጠበቅሁ። እሱ በመስታወቱ ፊት ጎኑን እያዞረ ነበር። «ነጭ አያወፍረኝም?» አለ።

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ለፍርድ ቢሆን ጋጣው ድረስ መሄድ አያሻኝም ነበር፤ ግን እንዲህ ያለው ትዕይንት እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም።

በመኪና ስንሄድ የልጅነታችን ፎቶ ቤት ትዝ አለኝ። ኮት የሌለው ሰው ሁሉ ከመጋረጃው ጎን በምስማር የተሰቀለውን የባለ ፎቶ ቤቱን ኮት አጥልቆ ይነሣ ነበር። የሰፈራችን ወንዶች በየቤታቸው ግድግዳ ላይ በዚያው በአንድ ኮት ተሰቅለዋል። ለአጭሩ እጅጌው ረዝሞ፣ ለወፍራሙ ደረቱ ላይ ተወጥሮ። እንዲያም ሆኖ አንዱን ከሌላው የሳተ አልነበረም። ፊታቸውን ይዘው ይመጡ ነበርና።

ጋጣው ስንደርስ ሴትዮዋ በጭቃ ቦት ጫማዋ እየተራመደች ጥላሸትን ስባ አወጣችው። ምራትሽ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ አለችና፣ «ይሄን አይደለም እኮ ያልንሽ፤ የእኛው ጥቁሩ ነው» አለቻት።

«ጥቁሩ ይኸውልሽ» አለች ሴትዮዋ። «ስትጠፉበት ሸበተ።»

ባልና ሚስቱ ከፈረሱ ጎን ቆሙ። አብሮን የመጣው ፎቶ አንሺ ሁለት ሦስቴ አነሣና ካሜራውን አዙሮ አሳየን። ነጩ ቀሚስና ነጩ ጃኬት በነጩ ፈረስ ውስጥ ተውጠው፣ ሁለት ጭንቅላት ብቻ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። ያ ሁሉ ቦርጭና ዳሌ መሸሸግ እንዲህ ከግቡ ደረሰ። ያኔ ያምርብሃል ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ማዶ የታሰረውን የሌላ ሰው ጥቁር ፈረስ እያመለከተ «ያኛው አይሆንም?» አለ። ምራትሽም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚያ ሆነው በምን ያውቃሉ?» አለች። «እዚያ» ያለችው አንቺ ያለሽበትን ነው፤ አታውቅም የተባልሽውም አንቺ ነሽ።

ልጅሽ ሁለቱንም ትቶ ብቻውን ወደ ጥላሸት ሄደ። ፈረሱ ጥቂት አሸተተውና፣ በወጣትነቱ ያደርገው እንደ ነበረው፣ ራሱን በብብቱ ሥር ወሸቀ። ልጅሽ «አርጅተሃል እኮ» አለው። ድምፁ ተሰበረ፣ እንባውም ወረደ። እህቴ፣ እውነተኛ እንባ ነበር። እስከዚያ ድረስ ያለ እንከን ስንቀው የዋልሁትን ሰው አበላሸብኝ ብዬ ልናደድ ምንም አልቀረኝም።

ፎቶ አንሺው ግን «እንዳትጠርገው!» ብሎ ጮኸ። ደመና ፀሐይዋን ሸፍኗት ስለ ነበር እስክትወጣ ጠብቅ አለው። ልጅሽም ጠበቀ። እንባው ጉንጩ ላይ እንደ ቆመ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ብርሃን እስኪመጣ ጠበቀ።

ያ ፎቶ ይላክልሻል። ሲደርስሽ ማልቀስሽ አይቀርም፤ ስለዚህ እንባሽ ሳይቀድመኝ ምክሬን ልስጥሽ። ፈረሱን ለሴትዮዋ ስጫት። ስለ እሷ ደግነት አልመሰክርም። አፏ ስለት ነው፤ ጥላሸትንም «ሽማግሌው» እያለች እንደ ሰካራም ባሏ ስትቆጣው ሰምቻለሁ። ይወደዋል አይወደውም ብትይኝ ልጅሽ የሚወደው ይመስለኛል። ነገር ግን የራሱን እንባ ለብርሃን ብሎ ያስጠበቀ ሰው፣ በዚያ ሰው በሌለበት ግቢ የጥላሸትን ውኃ እስከ እሑድ ቢያስጠብቅ አይደንቀኝም። እሷ ጠዋት ስትሳደብም ባልዲ ይዛ ነው።

ለሴት ልጅሽ፣ ለትሑቱ አማችሽ፣ ቤቱን ሁሉ ለሚያዝዘው ለትንሹ አለቃ፣ እንዲሁም ክንድሽን ይዛ ለምታንሸራሽርሽ ጎረቤትሽ ሰላምታዬን ከነአክብሮቴ አድርሺልኝ። ፎቶውንም አደራ፣ ተቀይመሽ መሳቢያ ውስጥ እንዳትከቺው፤ ግድግዳሽ ላይ ስቀዪው። ጥላሸት ግሩም ሆኖ ወጥቷል። ከተነሡት ሁሉ የራሱን መልክ ይዞ የመጣው እሱ ነው።

የማይረሳሽ ታላቅ ወንድምሽ

ከአናጺው ቤት በላይ ካለችው ክፍሌ፣
ኅዳር ፱ ቀን