መርከብ ይዘን አለቀስንልህ

ይድረስ ለጌትዬ፣

ከተለያየን አስራ አንድ ወር ሆነ። እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ በቁምህም ስጠይቅህ እውነቱን ነግረኸኝ አታውቅም። የምጽፍልህ ስለናፈቅከኝ ብቻ አይደለም። ተናድጄብሃለሁ። ቀስ እያለ ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ ትናንት ሾፌሩ አያ ሞላ ካሜራህን ይዘውልኝ መጡና እንደገና ነደድኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ማራኪ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ሆናለች። የጓሮው አጥር ክረምቱን ወድቆ እንደገና አሳጠርኩት። ሳሎኑ እንደተውከው ነው፤ ግድግዳው ሙሉ መርከብ። ስንዴ የሚጭነው፣ ማኪና የሚጭነው፣ በግና ፍየል የሚያመላልሰው፣ ከሁሉም አብልጠህ የምትወዳቸው ባለ ሸራዎቹ። ዕድሜህን ሙሉ ጭነት ላይ ሸራ ስታስር ኖረህ፣ ሸራ በነፋስ ተነፍቶ ሲሄድ ማየት ደስ ይለኛል ትል ነበር። ጅቡቲ ወረፋ ስትጠብቁ ሌሎቹ ሾፌሮች ካርታ ሲጫወቱ አንተ ወደብ ዳር ቆመህ ፀሐዩ እስኪዞርልህ ትጠብቃለህ። ለመርከብ የነበረህ ትዕግሥት! ልጅህ ክርስትና ስትነሳ አልነበርክም። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ምረቃዋ ላይ ደረስክ፣ የካሜራህ ባትሪ ግን መርከብ ላይ አልቆ ነበር። እኔንም አንድ ጊዜ በር ላይ አቁመህ አነሳኸኝ፤ እሱንም ብርሃኑን ለመሞከር ነው አልክ።

አንተማ ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነህ። የሞትህ መርዶ ሲመጣ ለለቅሶ የሚያዝ ፎቶ ጠፋ። አገርህን ታውቀዋለህ፤ ሟች ፎቶው ተይዞ ነው የሚለቀስለት። ሣጥኑን ገለበጥን፣ ፍራሹን አነሳን፣ የወጣው ሁሉ መርከብ ነው። እህትህ ጨንቋት ከግድግዳው ላይ ትልቁን አወረደችና፣ ያው የእጁ ሥራ ነው ብላ ድንኳን ውስጥ ይዛ ገባች። ያ ሁሉ ሰው አንድ ዕቃ ጫኝ መርከብ ከቦ ደረቱን መታ። እኔ እያለቀስኩ ሳቅ አፈነኝ፤ ሳቁ ወደ ንዴት ዞረ፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ለቀብርህ ዕለት የመታወቂያህን ፎቶ አሳደግን። የቀበሌው ማኅተም ግማሽ ጉንጭህን ይዞት ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ያ ሰኞ ነው። ሐኪሙ ልብህ ታሟል፣ ሰኞ መጥተህ ትተኛለህ ብሎህ ነበር። አንተ ቀጠሮው ተራዘመ አልከኝ። አልተራዘመም፤ ካርዱን ከኮትህ ኪስ አገኘሁት። ሦስት ምሰሶ ያላት ባለ ሸራ ወደብ ልትገባ ነው የሚል ስልክ ደርሶህ ነው ማኪናህን ያስነሳኸው። በመንገዴ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ ብለህ ነጠላህን አሳጠብከኝ። እኔ ሞኟ አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ቦርሳህ ውስጥ ከተትኩልህ። ስትመለስ ልብህ ከዳህና መንገድ ላይ ቀረህ።

ካሜራው ማኪናው ውስጥ ተቆልፎበት፣ መንገዱም ሲዘጋና ሲከፈት ከርሞ፣ ትናንት ገና እጄ ገባ። አያ ሞላን ታውቃቸዋለህ፣ በዚያ ጉዞ ከኋላህ ሲነዱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከፍተው ሊያሳዩኝ ሲሉ መርከብ ጠግቤያለሁ አልኳቸው። “ምነው እናኑ፣ የመጨረሻዋን ብቻ እዪያት፤ እኔ ነኝ ያነሳኋት” አሉኝ።

አየኋት። ባለ ሸራዋ ከኋላ ቆማለች፤ አያ ሞላ የምሰሶዋን ጫፍ ቆርጠውታል። ከፊቷ አንተ ነህ። ጺምህን ተላጭተህ፣ በዚያ ሙቀት የሸሚዝህን ቁልፍ እስከ አንገትህ ቆልፈህ፣ ነጠላህን መስቀለኛ አጣፍተህ። ሸጋ አድርገው ያንሡኝ፣ ለቤት ነው ብለሃቸው እሳቸው ሳቁብህ። እኔን ግን ሳቅ አልመጣኝም። ለለቅሶህ ነው የተነሳኸው። ታውቅ ነበር! እኔ እዚህ የምትመለስበትን ቀን ስጠብቅ አንተ እዚያ የለቅሶ ፎቶህን ታሰናዳለህ። አንዲት ቃል ለእኔ መንገር ይህን ያህል ከበደህ? ጎትቼም ቢሆን አስተኛህ ነበር። ማኪናው ፊት እተኛ ነበር እንጂ አትሄድም ነበር። መሰናበቻዬን ነጠቅከኝ፣ ጌታሁን፤ የላክህልኝ ፎቶ አይተካውም።

ሙት ዓመትህ ስለተቃረበ ዛሬ ፒያሳ ፎቶ ቤት ወሰድኳት። ባለሙያው መርከቧን ቆርጬ ፊቱን ላጉላው ወይ ሲለኝ፣ ቁረጣት አልኩት፤ ደስ እያለኝ። ሊቆርጥ ሲል አንድ ነገር አየሁና አስቆምኩት። ይህን ሁሉ ዘመን ወደ መርከብ ስትሄድ የማየው ጀርባህን ነበር። እዚህ ላይ ጀርባህን የሰጠኸው ለመርከቧ ነው፤ የምታየው እኔን ነው። እሷ ከተቆረጠች ይህ በምን ይታወቃል? ተዋት አልኩት።

እንግዲህ ከነመርከብህ ድንኳን ትገባለህ፤ እህትህም ዘንድሮ ትክክለኛውን ትይዛለች። ከዚያ ሳሎኑ መሃል እሰቅልሃለሁ። በየቀኑ አይሃለሁ፣ በየቀኑም እቆጣሃለሁ፤ እስክሞት አልረሳህም። ይቅር ብላኛለች ብለህ ግን እንዳታርፍ። ገና ነኝ።

እናኑ