ጦማራችንን ቆልፈው ለተሾሙት ለክቡር አቶ መንግሥቴ

ሚያዝያ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ

ይድረስ ለክቡር አቶ መንግሥቴ ይሁኔ፣
የ«ጉና ማዶ ጦማር» መሥራችና ቁልፍ ያዥ፣ የአንድ ከፍ ያለ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ (ጽሕፈት ቤቱ ጥፋት የለበትምና ስሙን አልጠራውም)፤

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ወንበርዎስ ደኅና ነው ወይ? እኛ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የቀረነው የድሮ ወዳጆችዎ፣ ጠያቂ ባይኖረንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሹመት ያዳብር ለማለት ሁለት ዓመት ያህል የዘገየሁት በቅናት እንዳይመስልዎ፤ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎ እየተነገረኝ ስለምመለስ ነው። ወላጆችዎ ገና በጨቅላነትዎ መንግሥቴ ብለው ስም ሲያወጡልዎ የሚያውቁት ነገር ነበር ማለት ነው፤ የእኔ ወላጆች ግን ውባለም ብለውኝ ይኸው ጠመኔ ጨብጬ እኖራለሁ።

ምናልባት ከሥራ ብዛት ረስተውኝ ከሆነ፣ እኔ ውባለም ጌታነህ ነኝ፤ በመካነ ኢየሱስ አማርኛ የማስተምረው፣ በ«ጉና ማዶ» ላይ ደግሞ ለስምንት ዓመት የእርስዎን የፊደል ግድፈት ሳርም የኖርኩት። ይህ ደብዳቤ ግልጽ በመሆኑ እርስዎን የማወቅ ዕድል ያልገጠማቸውም ሰዎች ስለሚያነቡት፣ ነገሩን ከሥሩ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ።

በ2003 ዓ.ም. ከሦስቱ ወረዳ የተሰባሰብን አሥራ ሰባት ሰዎች፣ መምህሩም፣ የጤና ሠራተኛውም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ ተማሪውም፣ በኢንተርኔት ላይ አንድ የጋራ ገጽ ከፈትን። «የጉና ማዶ ጦማር» ብለው ስም ያወጡለት እርስዎ ነበሩ። እኔ «ብሎግ ብንለው ይሻላል፤ አገሬው ጦማር ሲባል ጦም ይመስለዋል» ብዬ ብከራከር፣ «ሰው ይማራል፤ እኛስ ለምን ተፈጠርን?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ያን ጊዜ አንድ ጽሑፍ ለማውጣት ነፋስ መውጫ ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ሜሮን ኮምፒውተር ቤት ወረፋ ይዞ፣ መብራት እንዳይጠፋ እየተሳሉ መጠበቅ ነበር። መብራቱ ይጠፋል፤ የተጻፈውም አብሮት ይጠፋል፤ እኛም ተራግመን እንደገና እንጽፋለን።

የግብርና ባለሙያው አምሳሉ ስለ ድንች አዘራር በጻፈ ቁጥር ገበሬው አባቱ በሰው ስልክ እየገቡ «ውሸት ነው» ብለው ያርሙት ነበር። «ነፋስ መውጫ የተባለው ነፋሱ ከየት ወጥቶ ነው?» በምትል አንዲት ጥያቄ እስቴና ጋይንት ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሰዳድበን፣ መቶ አሥራ አራት አስተያየት ከተጻፈ በኋላ፣ የጋይንት ቤተ ልሔሙ መሪጌታ ተክለ ማርያም በተማሪያቸው ስልክ «መንፈስ ኀበ ፈቀደ ይነፍስ፤ ነፋስ ወደ ወደደው ይነፍሳል፤ እናንተም እረፉ» የሚል አንድ መስመር አስጽፈው ገላገሉን። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ሰው ሰድቦና ተሰድቦ፣ በማግስቱ «ትናንት ያልከውን ሳስበው ልክ ነህ» ብሎ በገዛ ስሙ የሚጽፍበት ቦታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

እርግጥ ነው፣ እርስዎ ከመቆለፍዎ በፊትም ቤቱ እየሳሳ መጥቶ ነበር። ፌስቡክ መጣ፣ ቲክቶክ መጣ፣ ግማሹ አገባ፣ ግማሹ አገር ለቀቀ፣ የሜሮን ኮምፒውተር ቤትም ተዘግቶ የልብስ መደብር ሆነ። ይህን በእርስዎ አላሳብብም። የሞተ ግን ይቀበራል እንጂ አይታሰርም። ቅሬታዎቼም እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ መቆለፍዎ አመሰግናለሁ። ኢንተርኔት ጠፍቶ ከርሞ በተመለሰ ጊዜ ገጻችንን ብንከፍት «ይህ ገጽ የሚነበበው ለተጋበዙ ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ ተቀበለን። ከአሥራ ሰባታችን አንድም የተጋበዘ የለም። የይለፍ ቃሉ በእርስዎ እጅ ብቻ የቀረው ስለምናምንዎ ነበር፤ ይህ የእኛ ጥፋት ስለሆነ ከቅሬታ አልቆጠርኩትም። የቆለፉበት ምክንያትም አልተሰወረንም። ለሹመት በታጩበት ወር፣ በወጣትነትዎ ባለሥልጣኑን ሁሉ እያብጠለጠሉ የጻፏቸው ዘጠኝ ጽሑፎች አሳሰቡዎት። ዘጠኙን ብቻ ቢያጠፉ እናውቅብዎ ነበርና የሁላችንንም ስድስት መቶ ጽሑፍ አብረው ዘጉት፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ። ክቡር ሆይ፣ ቁልፍ የያዘ ሁሉ የቤቱ ባለቤት አይደለም፤ ዘበኛም ቁልፍ ይይዛል።

ሁለተኛ፤ በየካቲት ወር ገጹ እንዲከፈትልን አሥራ አንዳችን ፈርመን ስናመለክት ስለሰጡን ምላሽ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ «የጉና ማዶ ጦማሪዎች» የሚለውን ሲያዩ ጦም መሰላቸው፤ ማመልከቻችንም የሃይማኖት ተቋማትን ጉዳይ ወደሚከታተለው ክፍል ተመራ። በሦስተኛው ሳምንት የደረሰን መልስ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «የጦም ማኅበራችሁ ያቀረበው የይከፈትልን ጥያቄ መንፈሳዊ ጉዳይ በመሆኑ በቤተ ክህነት በኩል እንዲቀርብ እየገለጽን፣ መልካም የጦም ጊዜ እንመኛለን።» በሠራተኛው አልፈርድም። ደብዳቤውን ይዤ መጥቼ ባስረዳቸው «እንግዲህ መምህርት፣ ጦሙ ሲፈታ ብቅ ይበሉ» ብለው በትሕትና ሸኝተውኛል። የምፈርደው ማኅተም በተመታበት ፊርማ ነው፤ ፊርማው የእርስዎ ነውና። ጦማር የሚለውን ቃል ለሦስት ወረዳ ያስተማሩ ሰው፣ ቃሉ ገዛ ጠረጴዛቸው ላይ ቢመጣላቸው ሳያነቡ ፈረሙበት። ምላሽዎን ክፍል ውስጥ «አንብቦ መረዳት» ለሚለው ምዕራፍ ማስተማሪያ አድርጌዋለሁ፤ ተማሪዎቼም ያመሰግኑዎታል። ጦሙም ይኸው ተፈታ፤ እኛ ግን ዛሬም አልተከፈተልንም።

ሦስተኛ፤ በጦማሩ ምትክ፣ ስሙን ሳይለውጡ ስለከፈቱልን የቴሌግራም ቻናል። ትናንት ብቆጥር ከሠላሳ ፎቶ በሃያ ስድስቱ እርስዎ አሉ፤ በአራቱ የሉበትም፤ ያነሳው ሰው እጁ ስቶት መሆን አለበት። አስተያየት መስጫው ዝግ ነው። አውራ ጣት ማንሳት ግን ተፈቅዶልናል።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያልቅ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እመቤትን አይረሷትም። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ባለች ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የነበረችውን፣ በተበላሸ የክትባት ካርድ ጀርባ እየጻፈች እንድትተይብላት በአውቶቡስ ለኮምፒውተር ቤቷ ሜሮን የምትልከውን። ስልሳ ሦስት ጽሑፍ ጽፋልናለች። የታማሚ ስም ማውጣት ነውር ነው ብላ ቤቱን ሁሉ በበሬው ስም ትጠራው ነበር፤ «ዛሬ የቦራ ቤት ወንድ ልጅ ተወለደ»፣ «የዛጎል ቤት እናት መድኃኒቷን አቋርጣ ተጣላን» እያለች። እርስዎ ራስዎ «የዚህች ልጅ በሬዎች ከእኛ ሰዎች ይበልጣሉ» ብለው ጽፈውላታል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ታማ ሞተች። የላከቻቸው ካርዶች ኮምፒውተር ቤቱ ሲዘጋ የገቡበት ጠፋ፤ የቀረው ጦማሩ ላይ ያለው ብቻ ነው።

በአርባዋ ዕለት እናቷ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ልጃቸው ከሥራዋ ሌላ ከእኛ ጋር ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቁን። «ጦማሪ ነበረች» ብንላቸው «አዎ፣ ረቡዕና ዓርብን ገድፋ አታውቅም» አሉ። መሪጌታ ተክለ ማርያም ናቸው «የለም ገበያነሽ፣ ጦማር ማለት በግእዙ ደብዳቤ ነው፤ ልጅሽ ደብዳቤ ትታልሽ ነው የሄደችው» ብለው ያስረዷቸው። ፊደል አልቆጠሩምና «እንግዲያው አንብቡልኝ» አሉ። አንዱን አነበብኩላቸው። ሁለተኛውን ልቀጥል ስል እጄን ያዙኝ፤ «አንድ ጊዜ አታስጨርሽኝ፤ በየዓመቱ አንድ አንድ ይበቃኛል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየሙት ዓመቷ ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቼ ስማዳ እየሄድኩ አንድ አንድ ደብዳቤ አነበብኩ። በ2016 የኢንተርኔት መስመር የለም አልኳቸው፤ እውነትም አልነበረም። ባለፈው ሰኔ ግን መስመሩ ነበረ፣ የእርስዎ ቁልፍ ነበረ፣ እኔም የምላቸው ጠፋኝና ባዶ ስልኬን ዓይኔ ሥር አድርጌ ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩላቸው። በድንጋጤ በሬዎቹን ረስቻቸዋለሁ። ወይዘሮ ገበያነሽ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ጎበዝ ነሽ ልጄ። ይሄ ግን የእመቤት አይደለም፤ እመቤት የበሬ ስም ሳትጠራ አትጨርስም» አሉ። ቀጥለውም «አለቀ እንዴ ደብዳቤው?» ብለው ጠየቁኝ።

አላለቀም፤ ሃምሳ ስምንት ይቀራል፤ አንድ ሰው ቆልፎበት ነው ማለት ነበረብኝ። እርስዎን ሸፍኜ ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ እርስዎንም ለዚያ ዝምታ ስላደረሱኝ ይቅር አላልኩዎትም።

የእመቤት የሰባት ዓመት ተዝካር በመጪው ሰኔ 19 ቀን ነው። የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገጹን ለአንድ ቀን ይክፈቱት። እኛ የእሷን ጽሑፎች በወረቀት እናወጣለን። የእርስዎን ዘጠኙን አስቀድመው ያጥፏቸው፤ የሚፈልጋቸው የለም። በማግስቱ መልሰው ቢቆልፉት፣ ጨርሰው ቢያጠፉትም ድምፃችንን አናሰማም። ወይዘሮ ገበያነሽ ሰባዎቹን አጋምሰዋል፤ በዓመት አንድ እያሉ የቆጠቡት የልጃቸው ደብዳቤ ሁሉ በእርስዎ ኪስ ነው ያለው።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ወንበርዎን ያጽናልን፣ ከመፈረምዎ በፊት የማንበቢያ ጊዜም ይስጥልን እያልኩ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና ዝቅ ባለ ተስፋ፣

ያልተጋበዘችው
ውባለም ጌታነህ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (ጦም አይደለም፤ ደብዳቤ ነው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ሣጥኔን ስፈትሽ ከጦማሩ በወረቀት የወጣ አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። የእመቤት ነው ብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሮጥኩ፤ ለካ የእርስዎ ነው። በ2005 ዓ.ም.፣ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ በኪሳቸው ይዘው ለተሰወሩ ኃላፊ የጻፉት ግልጽ ደብዳቤ፣ ከዘጠኙ አንዱ። ከላይ የወንበርዎን ደኅንነት የጠየቅሁበትም፣ ስለ ቁልፉና ስለ ዘበኛው ያልኩትም ከዚያ የተገለበጠ ነው፤ እኔ እንደ ልማዴ የፊደል ግድፈቱን ብቻ አርሜያለሁ። እስከ ሰኔ 19 ካልከፈቱልን በእጃችን ሌላ ወረቀት የለምና በተዝካሩ ላይ የማነበው እሱኑ ነው። ወይዘሮ ገበያነሽ የእመቤት አለመሆኑን ወዲያው ያውቁታል፤ የማን ነው ብለው መጠየቃቸውም አይቀርም፤ እኔም እንደ አምናው ዝም አልልም። ተዝካር ጥሪ አይሻም፤ እርስዎ ግን ተጋብዘዋል።