የሳትሱማ ቦውል እንደገና የተነሣበት አዲስ ዓመት

ውድ ወንድሜ ዊልበርት፣

እንደምን ከርመሃል? የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ሂልዳስ ደህና ናት? ማርከስ ትምህርቱን እንዴት ያዘ? የትንሿ ሬናቴ ጥርስ ወጣላት ወይስ አሁንም ሌሊቱን ታስለቅሳችኋለች? ሳል ይዞኛል ብለህ የጻፍከውን እማማ ደጋግማ ካስነበበችኝ በኋላ፣ «ደረቱን ይሸፍን በይው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ኮቱን አይቆልፍም» ብላሃለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የእማማ ጉልበት ዝናብ ሊመጣ ሲል ያስነክሳታል እንጂ ሌላው ጤናዋ ደህና ነው፤ ምላሷማ እንደምታውቀው ነው። ባለቤቴ ሆሴያ እዚያው መርከብ ጥገናው ውስጥ ነው። ልጄ ዴሎሬስ በቁመት በልጣኛለች፤ ስቆጣት ወደ ላይ እያየሁ ሆኗል።

በደብዳቤህ «የሳትሱማ ቦውል ተመልሶ መጣ የሚሉት እውነት ነው? ከሥሩ ጀምረሽ ጻፊልኝ፤ ለልጆቼ ላነብላቸው እፈልጋለሁ» ብለሃል። እውነት ነው ወንድሜ። በአዲስ ዓመት ቀን፣ በዌልዶን ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ እማማ ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ዝናብ እያካፋ፣ ተጫወቱ።

ልጆችህ እዚያ የሚያውቁት በእግር የሚገፋውን ኳስ ስለሆነ፣ የእኛ በእጅ ታቅፎ የሚሮጥበት መሆኑን አንተ አሳያቸው። ቦውል የምንለው ደግሞ የዓመቱ ውድድር ካለቀ በኋላ ሁለት የኮሌጅ ቡድኖች ተጋብዘው የሚያደርጉት የበዓል ጨዋታ ነው በላቸው። የእኛ የተወለደው በአባባ ፀጉር ቤት ነው። አንተ ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣልክም። እኔ ወለሉን እጠርግ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። አባባ የሚስተር ሊያንደር ክራችፊልድን ፀጉር እየቆረጡ ነበር፤ ያው ቀብር የሚያስፈጽሙት ሚስተር ሊያንደር።

«ልጆቻችን በየኮሌጁ እንዲህ ይጫወታሉ» አሉ አባባ። «ግን ማን አያቸው? ጋዜጣው ስማቸውን አይጽፍም፤ የነጮቹ ቦውል በር ላይ ይመልሳቸዋል። ለምን እዚሁ የራሳችንን አናደርግም?»

«ኤዜል፣ አንተ ምላጭህን ያዝ» አሉ ሚስተር ሊያንደር። «በአዲስ ዓመት ቀን ብርድ ላይ ቆሞ ኳስ የሚያይ ማን ነው? የእኔ ደንበኞች እንኳ አይመጡልህም!»

«የአንተ ደንበኞችማ ባይመጡ ይሻለኛል» ብለው አባባ ሲመልሱላቸው ፀጉር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ግን በሳቅ አልቀረም። ዲያቆን ፊኒስ ከሳትሱማ እርሻቸው ጎን ያለውን የላም መስክ ሰጡ። ለዚህ ነው ጨዋታው ሳትሱማ ተብሎ በዚያ በእጅ በሚላጠው መንደሪናችን ስም የተጠራው። ሴቶቹ የባሕር ዛጎል ፈጭተው የሜዳውን መስመር አሰመሩበት። ወንዶቹ የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች ተሸክመው ሲያወጡ ፓስተሩ «ጭቃ የነካው ወንበር ተመልሶ እንዳይገባ!» እያሉ ከኋላ ይከተሉ ነበር። ግሪንሊ ኮሌጅና ሄብሮን ኮሌጅ መጡ። ሕዝቡ ከየት እንደፈለቀ አላውቅም፤ በቅሎ ጋሪውም የጭነት መኪናውም እርሻውን ሞላው። ሚስተር ሊያንደር ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከፊት ተቀመጡ።

በዚያ ዘመን ከተማችን ውስጥ ጥቁር የሚያሳድር ሆቴል ስላልነበረ ተጫዋቾቹ በየቤቱ ተደለደሉ። እኛ ቤት ከደረሱት አንዱ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል የሄብሮን ልጅ ነበር። ማታ ጋደም ሲል የአባባና የእማማ አልጋ ከመሃሉ ለሁለት ተከፈለ። ልጁ አፍሮ፣ «ግድ የለም እማማ፣ ወለሉ ይበቃኛል» ሲላት፣ እማማ፣ «እሺ ልጄ፣ ግን ወለሉን ደግሞ እንዳትሰብርብኝ፤ ሌላ የለኝም» አለችው። በበዓሉ ቀን አደንጓሬውን፣ ጎመኑን፣ የበቆሎ ዳቦውን ስትከምርለት እያለቀሰ በላ። እናቱ በሕፃንነቱ ነበር የሞተችበት።

ጨዋታው እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ክፉ ውርጭ መጥቶ የሳትሱማ ዛፎቹን ሲያደርቃቸው ስሙን እንለውጥ ያሉ ነበሩ፤ አባባ እምቢ አሉ። ጦርነቱ መጥቶ ተጫዋቾቹን ሲወስድ ተቋረጠ። ወንዶቹ ሲመለሱ ደግሞ ሰው በሰው ላይ እየተጫነ የሚያየው ሆነ፤ ያንን አንተም ታስታውሰዋለህ፤ ከአባባ ትከሻ ላይ አልወርድም ብለህ አንገታቸውን ያሳመምካቸው ያኔ ነው። በኋላ ያ አውሎ ነፋስ መቀመጫዎቹን ጠራርጎ ባሕር ከተታቸው፤ በዚያው ክረምት አባባ አረፉ፤ አንተም ወታደር ቤት ገባህ። ማንም ይብቃ ሳይል ጨዋታው ቆመ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ባለፈው መኸር ፍርድ ቤቱ የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤቶች እንዲቀላቀሉ አዘዘ። ስንጠብቀው የኖርነው ነገር ነበርና ደስ አለን። የከተማው የትምህርት ቦርድ ግን ትእዛዙን የፈጸመው የእኛን ዌልዶንን በመዝጋት ነው። ከአዲስ ዓመት በኋላ ልጆቻችን ወደ እነሱ ይሄዳሉ፤ ሕንፃው መጋዘን ይሆናል ተባለ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን የዌልዶንን የሙዚቃ ባንድ እየመራሁ ኖሬ፣ እዚያ ስደርስ የእነሱ ባንድ መሪ ረዳት እሆናለሁ። ዴሎሬስ ክላርኔቷን እየወለወለች፣ «እማ፣ እኛን ያስገቡናል ወይስ ወንበር ሞልቷል ይሉናል?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዲሁ ተበትነን መሄዳችን አንገበገበኝ። በማግስቱ፣ ዌልዶን ከመዘጋቱ በፊት የሳትሱማ ቦውል በዚያ ሜዳ ይደረግ፣ ባንዳችንም ይጫወት ብዬ ተነሣሁ።

ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሰው ሰበሰብኩ። ሚስተር ሊያንደር በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ፣ «ቬርሊን፣ አንቺ ጥሩንባሽን ንፊ። ኳስ የወንድ ጉዳይ ነው» አሉኝ። እኔ መልስ ሳዘጋጅ እማማ ከኋላ ተነሣች።

«ሊያንደር፣ ያኔም አይሆንም ብለህ ከፊት ወንበር የተቀመጥከው አንተ ነህ።»

«ኮርዴሊያ፣ ያን ጊዜ የተቀመጥኩት እግሬን አሞኝ ነው!»

«እንግዲያው ዘንድሮም ይመምህና ተቀመጥ!»

ከዚያ በኋላ የተቃወመ አልነበረም። ግሪንሊ ኮሌጅ ወዲያው እሺ አለ። ሌላው ቡድን ከሉዊዚያና ሊመጣ ቃል ገብቶ ሳለ፣ የገና በዓል ሲቃረብ አንድ ትልቅ ከተማ ለራሱ ጨዋታ ጠራውና ተወን። ዊልበርት፣ ያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ወደ ሄብሮን ደወልኩ። አሰልጣኙ አይሶም ባትል የሚባል ሰው ነው። በትሕትና ሰምቶኝ፣ «እመቤቴ፣ ልጆቼ ለበዓሉ ወደየቤታቸው ተበትነዋል። ጫማቸውን ሳይቀር አስረክበዋል። በምን አፌ ልጥራቸው?» አለኝ። ከየት እንደምደውል ደግሜ ነገርኩት። ከዚያ ድምፁ ተለውጦ፣ «ፀጉር አስተካካዩ ሚስተር ቶሊቨር ምን ይሆኑሻል?» አለኝ። አባቴ ናቸው አልኩት። «እኔ እኮ አልጋቸውን የሰበርኩባቸው ልጅ ነኝ» አይለኝም!

እማማ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «አይሶም? አንተ! አልጋው ከተጠገነ ስንት ዘመኑ! ልጆችህን ሰብስብና ና፤ ጎመኑን እጥዳለሁ» ብላ ዘጋችው። እሺ ይበል አይበል እንኳ አልጠበቀችም።

መጣ። ሁሉን ልጅ አላገኘም፤ ግማሹ ጫማው የሰው፣ ግማሹ ከገና ገበታ ተነሥቶ የመጣ ነበር። አውቶቡሳቸው ከተማው ዳር ሲደርስ ተበላሸ። ሚስተር ሊያንደር ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሬሳ የሚጭኑባቸውን ጥቋቁር መኪኖች አሰልፈው ሄደው እየጫኑ በየቤቱ አደረሷቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ ቁጭ ብሎ የሚሄድ ደንበኛ ዛሬ ገና አገኘሁ» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወራሉ። ሆቴሎቹ አሁን በሕግ ለእኛም ክፍት ናቸው፤ ነገር ግን አንድም ቤት ተጫዋች ይቅርብኝ አላለም። እማማ አይሶምን በር ላይ አቅፋው፣ ሁለቱም ስለ አባባ ሊናገሩ ጀምረው ሳይጨርሱ ተያይዘው ገቡ።

የቀረኝ ጭንቀት ባንዱ ነበር። ቦርዱ ትልልቅ ጥሩንባዎቻችንን አስቀድሞ ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት አስጭኗቸዋል። የእነሱ ባንድ መሪ ሚስተር ራትሌጅ ዘንድ ሄጄ፣ «የእኛው መሣሪያዎች ናቸው፤ ለበዓሉ ቀን ብቻ ይስጡኝ» አልኩት። ጫማውን እያየ፣ «ቦርዱን ሳልጠይቅ አልችልም» አለኝ። ደሜ ፈልቶ ወጣሁ።

የጨዋታው ቀን ጠዋት ልጆቹን አሰልፌ የሌሉትን ጥሩንባዎች በምን እንደምሞላ ስጨነቅ፣ አንድ የጭነት መኪና ሜዳው በር ላይ ቆመ። ቀደም ሲል ስድብ እየጮኹ የሚያልፉ ነጭ ልጆች የሞሉበት ሌላ መኪና መጥቶ ስለነበረ ሆሴያና ሌሎቹ ወንዶች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። ከዚህኛው ግን ሚስተር ራትሌጅ ወረደ። ከኋላው ጥሩንባዎቻችን ተጭነዋል፤ በመካከላቸው ደግሞ የየራሳቸውን መሣሪያ የታቀፉ ጥቂት ነጭ ልጆች ተቀምጠዋል።

«ሚስስ ጌይንስ» አለኝ፤ በዚህ ከተማ ነጭ ወንድ ቬርሊን በማለት ፈንታ ሚስስ ብሎ በባለቤቴ ስም ሲጠራኝ የመጀመሪያዬ ነው። «ቦርዱን አልጠየቅሁም። እነዚህ ልጆች ደግሞ አብረው መጫወት ይፈልጋሉ፤ ቦታ ካለ።»

የመጀመሪያው ስሜቴ፣ ዛሬ እንኳ ለብቻችን ተዉን ማለት ነበር፤ አልደብቅህም። ዛሬ የመጨረሻችን ነው። ዴሎሬስን አየኋት፤ እሷም ታየኛለች። «ቦታ አለ» አልኩት። «የምንጫወተው ግን የእኛን ነው፤ እርምጃውም የእኛ ነው። መከተል የሚችል ይግባ።»

በጨዋታው አጋማሽ እረፍት ሜዳው ላይ ወጣን። ከበሮው ሲመታ የዌልዶን ልጆች ጉልበታቸውን እስከ ደረታቸው እያነሡ ሲረግጡ ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ከነጮቹ አንዱ፣ ቀይ ፀጉር ያለው ትሮምቦን ነፊ ልጅ፣ እርምጃው ጠፍቶበት ሲንገዳገድ ከመቀመጫው አንዲት ሴትዮ፣ «ቀዮ! ጉልበትህን አንሣ! ቁርስ አላበሉህም እንዴ?» ብላ ጮኸች። ሕዝቡ ሳቀ፤ ልጁም እየሳቀ ጉልበቱን አነሣ። በሦስተኛው ዙር ያዘው። ያቺው ሴትዮ፣ «ይኸው! አሁን የሰው ልጅ መሰልክ!» ስትለው ጭብጨባው ከባንዱ በለጠ። እኔ የባንድ መምሪያ ዱላዬን ከፍ አድርጌ ከፊት ስሄድ ፊቴ ላይ ያለው ዝናብ ይሁን እንባ አልለየሁትም።

ጨዋታው? ሄብሮን ሲመራ፣ ግሪንሊ ሲያልፈው ቆይቶ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ሄብሮን አንድ ነጥብ ብቻ እስኪቀረው ደረሰበት። ኳሷን በእግሩ ቢመታ አንድ ነጥብ አግኝቶ አቻ ይወጣ ነበር፤ ታቅፎ መስመሩን ቢሻገር ግን ሁለት አግኝቶ ያሸንፋል። ዳኛው ምን ትመርጣለህ ብሎ ሲጠይቀው አይሶም፣ «አቻ ለመውጣት ነው እንዴ ከገና ገበታ የተነሣነው?» ብሎ ልጆቹን ለማሸነፍ ላካቸው። ሯጩ የግብ መስመሩ አፍንጫ ላይ ተጣለ፤ አንድ ስንዝር ቀረችው። ሕዝቡ በሙሉ ተነሥቶ ለተሸነፈው አጨበጨበ። አይሶም ጭቃ የለበሰውን ሯጭ አቅፎ ወደ እማማ ይዞት መጣ፤ እሷም፣ «አይዞህ ልጄ፣ በባዶ ሆድ እንኳ አልተሸነፍክም፤ ጎመኔን ጠግበሃል» አለችው።

ከዚያ ዌልዶን ተዘጋ። ቁልፉን አስረክበን ስንወጣ ያዘንነውን ሐዘን ቀለል አድርጌ ልጽፍልህ አልችልም። በአዲሱ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ልጆቹ በግቢው ሁለት ጥግ ቆመው ይተያዩ ነበር። ጥቁሩ በአንድ በኩል፣ ነጩ በሌላ በኩል፣ መካከሉ ባዶ። ምሳ ቤቱም፣ መማሪያ ክፍሉም እንደዚያው ነው፤ እስካሁንም ብዙው እንደዚያ ነው። እኔም ስሜ በሩ ላይ የተጻፈው ረዳት ተብሎ ነው፤ ይህን ለማስለወጥ ደግሞ ገና እሟገታለሁ። ወደ ባንዱ ክፍል ግን ልቤ እየፈራ ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? ዴሎሬስ ከክላርኔቶቹ መካከል ተቀምጣለች፤ ከግራና ቀኟ ሜዳው ላይ አብረዋት በዝናብ የተነከሩ ሁለት ነጭ ልጆች አሉ። ከበሮ መቺው ከከበሮ መቺው ጋር፣ ጥሩንባው ከጥሩንባው ጋር ነበር። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም። ሚስተር ራትሌጅ በዱላው የኖታ መቆሚያውን መታ መታ አደረገና ዝም ሲሉለት፣ «እኔ ያንን እርምጃ አላውቀውም» ብሎ ዱላውን ለእኔ ሰጠኝ።

እማማ፣ «ሬናቴንና ማርከስን ዓይኔ ሳይደክም ልያቸው፤ ሂልዳም የምትወደውን ምግብ ትጻፍልኝ» ትልሃለች። ሆሴያ እጅህን በጽኑ ይጨብጣል። ዴሎሬስ አጎቷንና ያላየቻቸውን የአጎቷን ልጆች ትስማለች። ሚስተር ሊያንደርም፣ «ልጁ እስኪመጣ አልሞትም በይው፤ ደግሞስ የእኔን ቀብር ማን ደህና አድርጎ ሊሠራው?» ብለውሃል። እኔም ሁላችሁንም እያቀፍኩ፣ ኮትህን ቆልፍ እላለሁ።

እህትህ ቬርሊን

ቤይ ማርሎ፣ አላባማ
ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1970