ሳንቃው እስኪገኝ

ሐሙስ፣ መስከረም 8

ተሻገርሁ።

ስንት ዓመት ሙሉ ከወዲያ ማዶ ገበያ ተቀምጬ ማር ስገዛ ይህን የሽቦ ድልድይ በሩቁ ነበር የማየው። ማሩ ወደ እኔ ይመጣል እንጂ እኔ ወደ ማሩ ሄጄ አላውቅም። ዛሬ የመጣሁት ለማር አይደለም። የክርስትና ልጄን ትርንጎን ወደ ባሕር ዳር ልወስድ ነው። ስምንተኛን አልፋለች፤ እዚህ ዘጠነኛ ክፍል የለም። እኔ ቤት ተቀምጣ ትማራለች፣ ከትምህርት መልስ ሱቅ ታግዘኛለች። እውነቱን ለመጻፍ፣ ሁለተኛው ለእኔም ይጠቅመኛል። የማምነው ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ። ምዝገባው ረቡዕ ያበቃል።

ድልድዩ በጃንሆይ ዘመን የተሠራ ነው ይላሉ። በወዲህና በወዲያ ዳር እንደ በር ያለ የድንጋይ ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶ ምሰሶ የእጅ አንጓ የሚያህል የብረት ገመድ ተወጥሯል፤ ከእሱ ላይ በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ የሳንቃ መንገድ አለ። ከሥር ግልገል አባይ ሞልቶ፣ ጭቃ መስሎ ይሮጣል። መሐል ላይ ስደርስ ሁሉም ነገር ይወዛወዝ ጀመር፤ ቆምሁ። አንዲት ዶሮ የታቀፈች ሴት ከኋላዬ ደርሳ፣ «እትዬ፣ ወይ ይሂዱ ወይ ያሳልፉኝ፤ ዶሮዋ ፈራች» አለችኝ። ለዶሮዋ ስል ሄድሁ።

አበልጆቼ፣ የትርንጎ አባትና እናት፣ በደንብ ተቀበሉኝ። አያሌው በግ አረደ። ደብሬ እግሬን አጠበችኝ። ትርንጎ ልብሷን አጣጥፋ በፌስታል አስራ ጨርሳለች። ነገ በማለዳ እንወጣለን።

አንድ ነገር ብቻ። ደብሬ ስለ ልጅቱ መንገድ የምትለው «እሽ» ብቻ ነው። እሽ የሚያበዛ ገበያተኛ አይገዛም።


ዓርብ

አልወጣንም። ከድልድዩ መሐል አራት ሳንቃ ጠፍቷል። ባዶው ሰው ተራምዶ የሚያልፈው አይደለም። ወንዙ በዚህ ወቅት ታንኳም አያስገባም። ስልኬ እዚህ ሰፈር ኔትወርክ የለውም።

አያሌውን፣ ሳንቃ አምጡና አንጥፉ፣ ገንዘቡን እኔ እችላለሁ አልሁት። እንደ ሕፃን አየኝ። የተሰረቀው ሳይወጣ አዲስ ሳንቃ አይነጠፍም። ከተነጠፈማ ሌባው እንደ ሰው ሁሉ ተሻግሮ ይሄዳል። ገመዱን በእጁ ይዞ ልሻገር የሚል ጎረምሳ ካለም፣ ሌባው እሱ ነው ይባላል። ስለዚህ ማንም አይነቃነቅም። ነገ አውጫጭኝ ተጠርቷል፤ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ የሚናገርበት ሸንጎ ነው። ስሙን እሰማ ነበር፤ እገባበታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሱቁን ለቅጥር ልጅ ትቼ ነው የመጣሁ። ግፋ ቢል እስከ ቅዳሜ ነው ብዬው ነበር።

ትርንጎ ፌስታሏን አልፈታችም። ደብሬ ደግሞ ዛሬ እንግዳ መንከባከቡን አበዛችው። ትናንት የተኛሁበት የአፈር መደብ ይቀዘቅዝሻል ብላ፣ ወንዝ ወርጄ ስመለስ መኝታዬን ከፍ አድርጋ፣ ገለባ ጎዝጉዛ፣ ቁርበት አንጥፋ ጠበቀችኝ።


ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ከዋርካው ሥር ዋልን። ሴት ወንዱ፣ ሽማግሌ ጎረምሳ። ያልመጣ ሰው ራሱን ከሰሰ ማለት ነው፤ አንድ በወባ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳይቀር በቃሬዛ አመጡት።

የሚመሩት መምሬ ይባቤ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ቄስ። እያንዳንዱ ሰው ፊታቸው ቆሞ ይምላል፦ አይቼ፣ ሰምቼ፣ ደብቄ እንደሆን ዘሬን ያጥፋው። ሕዝቡ «አሜን» ይላል። አያሌው ሲምል ድምፁ ከሁሉ በላይ ነበር። ደብሬ ስትምል ልጅ አዝላ የመጣች ጎረቤቷ አጠገቧ ሕፃኑን አስለቀሰችው፤ ምን እንዳለች አልተሰማም። መምሬ ይባቤ ድገሚ አላሏትም።

እኔም ማልሁ። አንድ ሰውዬ ተነሥቶ፣ ሳንቃው የጠፋ ነጋዴዋ በመጣች ማግስት ነው፣ ነጋዴ ደግሞ የማይገዛው የለም አለ። ሰዉ ወደ እኔ ዞረ።

«ሳንቃ ልገዛ ብመጣ ይዤው እሻገራለሁ እንጅ ራሴን እዚህ እዘጋለሁ?» አልሁት።

ሳቁ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። ከኋላዬ ከቆሙትም ያልሳቁ ነበሩ። እዚህ አገር ስሜ ነው ሚዛኔ። ከዚህ ወደ ገበያ ማር የሚያመጣልኝ ሰው ሁሉ ከዋርካው ሥር ቆሞ ያየኝ ነበር።

ወደ ማታ ቤት ለቤት ፍተሻ ሆነ። ጎተራው፣ ቆጡ፣ የከብቱ በረት፣ ሁሉም ተፈተሸ። እኔ መኝታ ዘንድ ሲደርሱ ግን ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። የእንግዳ መኝታ አይገለበጥም አሉ። ቀድሞ ያለው አያሌው ራሱ ነው። ክብር ተሰማኝ፤ ሞኝ።

ምንም አልተገኘም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ግዝት ይወጣል።


እሑድ

ግዝቱ ወጣ። መምሬ ይባቤ መስቀል ይዘው በደጀ ሰላሙ ቆመው፣ የሚያውቅ ሆኖ ያልተናገረ ከዛሬ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ነው አሉ። በመሐላው ጊዜ አላውቅም ነበር፤ ንጹሕ ነበርሁ። እስከ ቀትር ንጹሕ ነበርሁ።

ቀትር ላይ ቁንጫ ቢያስቸግረኝ መኝታዬን ገለጥሁ። ቁርበቱን አነሣሁ፣ ገለባውን ጠረግሁ። አራቱ ሳንቃ ጎን ለጎን ተኝቷል። ሬንጁ ጠቁሮበታል፣ የሽቦው ቀዳዳ የዝገት ቀለም ይዟል። ሁለት ሌሊት ድልድዩ ላይ ነው የተኛሁት።

ገለባውን መልሼ ተቀመጥሁበት። እንደ ዕቃ ግዥ አሰብሁት።

ብናገር፣ ደብሬን ያገሏታል። እሳት የሚያጭራት፣ ስትታመም የሚጠይቃት፣ ስትሞት የሚቀብራት አይኖርም።

ዝም ብል፣ ግዝቱ እኔ ላይ ነው፤ ምዝገባውም ያልፋል።

ፈትሸው ቢያገኙት፣ የተኛሁበት እኔ ነኝ።

የትኛውም መንገድ አያወጣም። በንግድ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ አልቸኩልም። ሻጩ መጥቶ እስኪናገር ዝም እላለሁ።

ደብሬ ውሃ ቀድታ ገባች። ፊቴን አየች። እንስራዋን ቀስ ብላ አወረደችና በሩን ገርበብ አደረገች።

«ቁንጫ ነው?» አለች።

«ቁንጫ ነው፤ ግን የማውቀው ቁንጫ አይደለም» አልኋት።

አጠገቤ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ሳንቃው የታሰረው በሽቦ እንደሆነ፣ ባሏ ሲያስር አይታ እንደምታውቅ፣ በደረቷ ተስባ ሄዳ እንደፈታችው ነገረችኝ። በሕይወቷ አንድ ቀን ያንን ድልድይ ተሻግራ አታውቅም። ትፈራዋለች። ለዚህ ሥራ ብቻ መሐሉ ድረስ ሄደች።

«በአፍሽ እሽ አልሽኝኮ፣ አበልጄ» አልሁ።

«አፌ እሽ አለ እንጅ ሆዴ መች እሽ አለ። ወንድሟ በዚያ ሽቦ ሄደ። ሲመለስ አየሽው? በዚያ ያለፈ ልጅ በስልክ ፎቶ ነው የሚመጣ።»

«እኔንኮ ዘጋሽብኝ።»

«አንችን ብቻ የሚያሳልፍ ሳንቃ ቢኖር አሳልፍሽ ነበር።»

ለምን በእኔ መኝታ ሥር እንደሆነ አልጠየቅኋት። ገብቶኛል። በዚህ አገር የማይነካው ቦታ እሱ ብቻ ነው። እኔ ብሆንም እዚያው እደብቀው ነበር።

ተደራደርን። ሳንቃው ይመለሳል። ስሟን አላወጣም። ልጅቱን አልወስድም። የመጨረሻውን ስናገር ምላሴ ከበደኝ፤ ሌላ የምሰጠው ነገር ግን አልነበረኝም። ደብሬ እጄን ሳመችው። ትርንጎ ውጭ እንጨት ትፈልጥ ነበር። ድምፁ ይሰማ ነበር።


ሰኞ፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ይባቤን ብቻቸውን አገኘኋቸው። በአውጫጭኝ ስሙ የማይነሣ ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል፤ ወፍ ነገረችኝ ያለ ሰው ከየት ሰማህ አይባልም። ይህን ከአያሌው በዘዴ ጠይቄ ነበር።

«አባ፣ አንዲት ወፍ ነገረችኝ» አልኋቸው።

«ምን ትላለች ወፏ?»

«ሳንቃው ነገ ጧት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይገኛል ትላለች። ግዝቱ ይነሣልኝ ትላለች።»

በመቋሚያቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ወፏ ጎጆዋ ወዲህ ነው ወዲያ?»

«ወፍ አገር የላትም፣ አባ።»

ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ጺማቸው ስለከለለው እርግጠኛ አይደለሁም። የጠፋው ሳይጎድል ከተመለሰ አገሩ ሰው አይፈልግም፣ ግዝቱም ይፈታል አሉኝ። የቀረውን ወፏ ለነፍስ አባቷ ትናገር፣ ለእኔ አይደለም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ዘጠነኛ ክፍል ምዝገባው መቼ ነው የሚያበቃው ብለው ጠየቁኝ። ረቡዕ አልሁ።

ተመለስሁ። ትርንጎ ፌስታሏን ፈትታ ልብሷን ግድግዳው ላይ ሰቅላለች። ማንም እንዳልነገራት አውቃለሁ።


ማክሰኞ

አሁን ቁንዝላ ነኝ፤ አውቶብስ እየጠበቅሁ ነው የምጽፈው። እንደሆነው ላስፍረው።

ጎህ ሳይቀድ ከደብሬ ጋር ሳንቃውን አወጣን። በጭራሮ ሸፍነን፣ የማገዶ ሸክም አስመስለን አሰርነው። አያሌው ያንኮራፋል። ሸክሙ ከበደን፤ እኔ ከማር ማሰሮ በላይ ካነሣሁ ዘመን የለኝም። ከደጃፉ ሳንርቅ አረፍን። ትርንጎ ነጠላዋን አገልድማ መጣች። በከባዱ ጫፍ ገባች።

ደብሬ «ወዴት ነው?» አለቻት።

«ቅዳሜ ጧት ነው ያየሁት፣ እማ። የእትዬን መኝታ ሳነጥፍ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር ያገሉሻል።»

በቃ ይህ ብቻ ነው የተባለ። ፌስታሏን አስራ፣ በየቀኑ ወደ ድልድዩ ወርዳ ባዶውን እያየች የምትመለስ ልጅ፣ ከመኝታዬ ሥር ያለውን ታውቅ ነበር። በአንድ ቃል መሄድ ትችል ነበር። ደብሬ እንደ ቆመች ቀረች፤ የቀረውን መንገድ ሸክሙን የያዝነው እኔና ልጅቱ ነን።

ረፋዱ ላይ ደወል ተደወለ። ሳንቃው ተገኘ ተባለ፣ እልል ተባለ፣ ግዝቱ ተፈታ። ከዋርካው ሥር የጠረጠረኝ ሰውዬ መጥቶ ይቅርታ አላለኝም፤ የአንድ ቀፎ ማር ግን ለመስቀል አስቀምጥልሻለሁ አለኝ። ተቀበልሁት። ጎረምሶቹ ሳንቃውን መልሰው አሰሩ፤ አያሌው ከሁሉ በላይ እየጮኸ ያዛል።

ልሰናበት ስል ደብሬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ የትርንጎን ፌስታል ይዛ ወጣች።

«ትሂድ አላልሁም» አለችኝ ቀድማ። «የምታድርበትን ልይ ነው ያልሁ።»

አያሌው አፉን ከፍቶ ቀረ። እሷ አልጠበቀችውም።

ድልድዩ ላይ ትርንጎ ከፊት፣ ደብሬ ከመሐል፣ እኔ ከኋላ ሆንን። ደብሬ ዓይኗን ጨፍና የልጅቱን መቀነት ጨብጣ ነው የተራመደችው። መሐል ላይ ስትደርስ እግሯ ሳንቃውን አወቀው መሰለኝ፤ ቆመች። «ማርያም ማርያም» ትላለች። ከወዲያ ማዶ የቆሙ ፎቶ ሊያነሡ የመጡ የባሕር ዳር ወጣቶች ስልካቸውን ደግነዋል። ጮኼ ስልካችሁን አውርዱ አልኋቸው። አወረዱ። ተራመደች።


ረቡዕ

ባሕር ዳር። ሱቁ እንደተውሁት አይደለም፤ እሱ ሌላ ጊዜ ይጻፋል።

ደብሬ ቤቴን እንደ ገዥ መረመረችው። የትርንጎን ክፍል መስኮት ከፍታ ዘጋች። የበሩን መቀርቀሪያ ፈተነች። ጎረቤት የሚኖረውን ባለ ሞተር ጎረምሳ ሚስት አለችው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለችውም አልሁ። ልዋሽ እችል ነበር።

ጧት ሦስታችንም ትምህርት ቤት ሄድን። ደብሬ ከበሩ አልገባችም። ከማዶ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዘበኛውን፣ ልጆቹ ስንት ሰዓት እንደሚወጡ፣ ሲወጡ ማን እንደሚቆጥራቸው ጠየቀችው። ዘበኛው፣ «እማማ፣ በግ አይደሉምኮ» አላት። «በግማ እኔ እቆጥረዋለሁ» አለችው። ትርንጎ ተመዘገበች። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ሰልፉ ረጅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድኋቸው። ደብሬ ጣናን ለረጅም ጊዜ አየችው። ይህን የሚያሻግር ሽቦ የለም አይደል አለችኝ። የለም፣ ጀልባ ነው አልኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ ቅር ይበላት ደስ ይበላት አላወቅሁም።

አሁን ከወዲያ ክፍል እናትና ልጅ ቀስ ብለው ያወራሉ። ነገ ጧት ደብሬ በቁንዝላው አውቶብስ ትመለሳለች። ልጅቱ ትቅር ወይስ አብራት ትመለስ እስካሁን አልነገረችኝም፤ እኔም ቃል ሰጥቻለሁና አልጠይቃትም። አንዳንዴ አንዷ ትስቃለች፤ የማን ሳቅ እንደሆነ አልለየሁም።

ስንት ሰው እንደምሸኝ አላውቅም። ስንቅ የቋጠርሁት ግን ለአንድ ሰው ነው።