ከላይ ወደ ታች የሚዘለለው ካብ

ማክሰኞ

ጻፊ አልኳት። ምን ልጻፍ አለችኝ። ያልኩሽን፣ ሌላ ምን።

የምትጽፈው ዘነበች ናት፣ ትልቋ ልጄ። ወልድያ አስተማሪ ናት፣ ለጥምቀት መጥታ እስከ እሑድ እኔ ዘንድ ናት። እኔ ደሳለ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። የበዓሉ ኮሚቴዎች የፈረስ ዝላያችን ታሪክ በወረቀት ተጽፎ ይምጣልን አሉ። ከኔ በቀር የሚያውቀው ሰው ሞቶ አልቋል።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ካቡ ነው የቀደመው። የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ሰዎች በግጦሽ ተጣሉና መስኩን በድንጋይ ካብ ለሁለት ከፈሉት። አንድ ጥር ላይ ላይኞቹ ሙሽራ ሊያመጡ ወረዱ። ታችኞቹ ካቡን አናፈርስም፣ ዞራችሁ ኑ አሉ። መዞር ውርደት ነው። ሚዜዎቹ ፈረሳቸውን ኮልኩለው ካቡን ዘለሉትና ሙሽራይቱ ደጅ ደረሱ። ሙሽራይቱ አያቴ ነበረች፤ ይኼን አድምቀሽ ጻፊ። በዓመቱ ሙሽራ ሳይኖርም ዘለሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ቀርቶ ነበር፣ ዘንድሮ እሑድ ይመለሳል።

ደንቡ ይኼ ነው፤ ግልቢያው ሳይጀመር ጋላቢው ይወርድና ፈረሱን እስከ ካቡ ስቦ ድንጋዩን ያስሸትተዋል። ያላሸተተ አይሮጥም።

አምስት ጊዜ አሸንፌያለሁ። ስታነብልኝ አራት ብላ ጽፋለች። አስተካከልኳት።

ረቡዕ

ትንሹ ልጄ አራጋው ከመስኩ መጣ። እሑድ ዳማውን ፈረሳችንን የሚጋልበው እሱ ነው። ደስ ብሎታል። «ዘንድሮ ከታች ወደ ላይ ነው የምንዘለው» አለኝ። የእንግዶቹ ድንኳን ከላይ፣ መኪና መንገዱ አጠገብ ተተክሏል። ፈረሶቹ ፊት ለፊታቸው እንዲመጡላቸው ነው።

ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

ካቡ ተዳፋት ላይ ነው ያለው። ከላይ ለመጣ ፈረስ ጉልበት ቢደርስ ነው፤ ዘሎ ለስላሳ እርሻ ላይ ያርፋል። ከታች ለመጣ ግን ደረት ይደርሳል። ከሥሩም ጎርፍ የቆፈረው ቦይ አለ፣ ሣር ሸፍኖታል። ከላይ የመጣ ፈረስ ካቡንም ቦዩንም ባንዴ ያልፋል። ከታች የመጣ እግሩን ቦዩ ውስጥ ይከትና ደረቱን ለድንጋዩ ይሰጣል።

አትሂድ አልኩት። ሳቀ።

«አባባ፣ አንቱ አምስት ጊዜ አሸንፈው እኔ ልቅር? እርጅና ነው ያስፈራዎት?»

መሳደብ ቃጣኝ። ተውኩት። ዘነበች ምን ሆኑ ብትለኝ ጥርሴን አመመኝ አልኳት። ያሉኝ ጥርሶች አራት ናቸው።

ሐሙስ

በጠዋት ባጃጅ ይዤ ወልድያ ወረድኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በለጠ ይባላል፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። አልተቀመጥኩም።

«ከታች አይዘለልም» አልኩት።

«ለምን፣ አባ ደሳለ?»

«አይዘለልም አልኩህ እኮ።»

«ባለፈው ወር አንቱው አይደሉም እንዴ የነገሩን? ተቀድቷል፣ ላሰማዎት?»

ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። የገዛ ድምፄ ወጣ። «በደርግ ጊዜ ከታችም ተዘሏል። ምንም የለው። የይመር ፈረስ የወደቀው አንድ ዓይኑ ስለማያይ ነው፤ እውር ፈረስ ይዞ መጥቶ ነው» ይላል። ሲናገር የተማመነ ድምፅ ነው። የማላውቀው ሰው ቢሆን እኔም አምነው ነበር።

በለጠ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ። ባጃጅ ላይ ሳለሁ ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ፤ ብርድ ነው አልኩ ለሾፌሩ። ፀሐይ ነበር።

ዓርብ

አራጋው ዳማውን ሊያጠጣ ሲሄድ በሩን ዝጊና ጻፊ አልኳት።

ከታች በተዘለለበት በዚያ ዓመት ዳኛው እኔ ነበርኩ። ከበላይ ባለሥልጣን መጣ። ወንበሩ ከላይ ተደረገለት፣ ከጎኑ ለኔም አንድ ወንበር። ፈረሶቹ ወደኔ ይምጡ፣ ጭራ ልይ እንዴ አለ። ሰዉ ዞሮ እኔን አየ። ቦዩን አውቀዋለሁ። ግን በድምፅ ማጉያ ስሜን ጠርተውት ነበር፣ ባለሥልጣን አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ይሁን አልኩ። አንዲት ቃል።

ይመር ጓደኛዬ ነበር፣ የታችኛው ሰፈር ሰው። የመጀመሪያው እሱ መጣ። ፈረሱ እግሩን ቦዩ ውስጥ ከተተ። ይመር ወገቡ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ቆሞ አልሄደም፣ ተኝቶ ኖረና ሞተ።

ፈረሱ ሁለቱም ዓይኖቹ ያዩ ነበር። እውር ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ለት ማታ አልኩ፣ ሰዉ አመነኝ፣ እኔም እየደጋገምኩት ቀረሁ። እስከ ዛሬ የይመርን ቤተሰቦች «የእውር ፈረስ ቤት» ይሏቸዋል። ልጆቹ ለዝላይ ወጥተው አያውቁም።

ዘነበች እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። «አባባ፣ እትዬ ጦቢያ እኮ በሕይወት አሉ» አለችኝ። የይመር ሚስት ናት። አውቃለሁ አልኳት። አታልቅሺ፣ ጻፊ።

ቅዳሜ

ጦቢያ ቤት ሄድኩ። ቁልቁለቱ ጉልበቴን ጨረሰው። በር ላይ ጌሾ እየወቀጠች አገኘኋት። ግባ አላለችኝም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። መውቀጡን አላቋረጠችም።

ስጨርስ ቀና አለች።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ፣ አያ ደሳለ? የተኛሁት ከይመር ጋር ነው። ፈረሱ ማየቱን አንተ ልትነግረኝ ነው?»

«ይቅር በይኝ።»

«በሰው ፊት ነው ያልከው። ሂድና በሰው ፊት በል። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ውሃ እንኳ አልሰጠችኝም። እውነቷን ነው።

ለአራጋው ልንገረው አልኩ። ኮርቻውን እየጠረገ ያፏጫል። አልቻልኩም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ነገ እግሬ እንዳይከዳኝ። ምላሴም።

እሑድ

ሰዉ ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ፣ ከሐራ መጥቶ መስኩን ሞልቶታል። ፈረሶቹ ከታች ተሰልፈዋል። አራጋው ሁለተኛ ነው። በለጠ ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝና «ስለ ታሪኩ ሁለት ቃል» አለኝ።

እንዲህ አልኩ። «እኔ ደሳለ ነኝ። የይመር ፈረስ እውር አልነበረም። ከታች ይዘለል ብዬ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ቦይ እንዳለ እያወቅሁ ነው። ወንበሬን ወድጄ ነው። ዛሬም ቦዩ እዚያው አለ፣ ሣሩን ገልጣችሁ እዩት።»

አንዱ ከኋላ ጮኸ፤ «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን የት ነበሩ?»

«ወንበሬ ላይ» አልኩት።

ማንም አልሳቀም። በለጠ ጆሮዬ ሥር «ድንኳን ነቅለን ልንተክል ነው?» ይለኛል። ያን ጊዜ ከመርሳ የመጣ ጎልማሳ ከፈረሱ ወረደ፣ ሣሩን በእግሩ ገለጠ፣ ቦዩን አየ። ፈረሱን ስቦ በካቡ ጫፍ ዞሮ ወደ ላይ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። አራጋው የመጨረሻው ነበር። ባጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም።

ከላይ ወደ ታች ዘለሉ። እንግዶቹ ጭራ ሲያዩ ዋሉ። የመርሳው ሰው አንደኛ ወጣ፣ አራጋው አራተኛ። የወደቀ የለም።

ጦቢያን ከሰው መሀል ፈለግኳት። ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ ነበር፣ ልጆቿ ከጎኗ። አየችኝ። ሰላም አላለችኝም፣ ፊቷንም አላዞረችም።

አሁን ቤት ነን። ዘነበች ለኮሚቴው የሚሄደውን አነበበችልኝ። «ዳኞቹ ፈቀዱ» ብላለች፣ ለኔ አስባ። ዳኛው አንድ ነበር፣ ስሙን ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

አራጋው ራቱን እየበላ ነው። ከመስኩ ከተመለስን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ነገ ያናግረኝ፣ ከነጭራሹ አያናግረኝ፣ አላውቅም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ቀጥ ያለ፣ ደህና ጀርባ ነው። አየዋለሁ።