ሲቀበር የተሰጠው ስም

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ ሽባባው፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ክረምቱን ተሻለዎት? እትዬ ሰገነትስ፣ ልጆቹስ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

የልጄ የያረጋሌ መርዶ የደረሰኝ በገበያ ዕለት ነው። ቆጮ ገዝቼ ስመለስ ከድሮ የሚባለው ግንበኛ ጎረቤቴ በጭቃ እንደተለወሰ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «እማማ መሰለች፣ እኛን አስወጥቶ እሱ ቀረ» ብሎ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ።

ልጄ ውጭ አገር ድልድይ መሥራት ተምሮ መምጣቱን ያውቃሉ። መሥሪያ ቤቱ ግን የተማርክበትን ትምህርት ቤት አናውቀውም፣ ትምህርትህ እስኪመዘን መሐንዲስ ተብለህ አትፈርምም ብሎ ረዳት አድርጎ ወደዚህ ላከው። እሱ እንኳ ሕጉን አልጠላም። «እማዬ፣ ያልተማረ ድልድይ ቢሠራ ሰው ያልቃል፤ ብቻ ይፈትኑኝ» ይል ነበር። የሚፈትነው ጠፋ። ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና፣ አለቃው የሉም።

በጥቅምት የመፈረም ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣና፣ ሹም ሊመርቀው ነውና ድልድዩን የደገፈው እንጨት ይነሣ አለ። ያረጋል ሲሚንቶው ገና አልጠነከረም ቢለው፣ «አቶ ረዳት፣ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ አንተ እንጨት ቁጠር» ብሎ በሠራተኛው ፊት አሳቀበት። እንጨቱ መነሣት ሲጀምር ድልድዩ ተሰነጠቀ። ልጄ ከሥር ገብቶ ሰዎቹን እየገፋ ሲያስወጣ ተናደበት።

ወንድም ጋሼ፣ ሞቱ አንጀቴን አቃጠለው፤ ቀብሩ ግን አቅለሸለሸኝ። ያው ሰውዬ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ፣ «መሐንዲስ ያረጋል» እያለ የሕይወት ታሪኩን አነበበ። ሰው ሲላቀስ የእኔ እንባ ደረቀ። በቁሙ የነፈጉትን ስም ሬሳው ላይ ወረወሩለት! ደግሞ ሳያፍሩ፣ መቃብሩ ላይ እናስቀርጸው ብለው ላኩብኝ። ለልጄ ስም አላነሰውም ብዬ መለስኳቸው።

እትዬ ሰገነትን ጉንጯን ሳሙልኝ። ለልጅዎ ለኢትዮጵያና ለታናናሾቿ አክስታችሁን ናፍቃችኋታል በሉልኝ። የከድሮ ሚስት ከድጄም እግዜር ያጽናችሁ ብላለች፤ በሃይማኖቷ ዱዓ ታደርግለታለች።

አርባው ደርሷል። ተወልዶ በአርባ ቀኑ ቄሱ ክርስትና ሲያነሡት ማስረጃ አልጠየቁትም፤ ገብረእግዚአብሔር አሉት እንጂ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምታነቡም፣ ሲነበብ የምትሰሙም፣ ጸልዩለት። መሐንዲስ አትበሉት። ነፍሰ ገብረእግዚአብሔርን ማርልን በሉ፤ እዚያ የሚያውቁት በዚህ ነው።

እህትዎ መሰለች
ቡታጅራ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.