የፖም እርሻው የውሃ ደብተር

ሰኞ፣ ኅዳር 8

በጥናታዊ ጽሑፋችን ደራሲዎች ዝርዝር ውስጥ ስሜ የለም። ሦስቴ አየሁት። ዶ/ር መስፍን፣ ቀጥሎ ሄኖክ፣ ቀጥሎ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ሰው። እኔ መጨረሻው ገጽ ላይ ነኝ፣ ምስጋና ውስጥ፤ «መረጃ በመሰብሰብ ላገዘችን»።

ያገዝኩት ይኼ ነው፦ ፀሐይ ከቁስቋም በላይ ባለው የፖም እርሻ ላይ ከምታፈሰው ሙቀት ስንቱ ውሃ እንደሚያተን፣ ስንቱ አየሩን፣ ስንቱ አፈሩን እንደሚያሞቅ የሚያሰላውን የኮምፒውተር ሞዴል ሁለት ዓመት ሠራሁት። የድሮው ሞዴል እርሻውን እንደ አንድ ወጥ ሣር ያየው ነበር። እርሻ ግን ዛፍ፣ ባዶ መሬት፣ ዛፍ ነው። ረድፉንና ባዶውን ለየብቻ እንዲያሰላ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስሌቱ እርሻው መሃል ከቆመው የመለኪያ ማማ ጋር የገጠመ ቀን ዶክተሩ ራሱ አጨብጭቦልኛል።

ቢሮው ገባሁ። «ዶክተር፣ ስሜን አጣሁት።»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ይደርስልሻል።»

«ስሜ እስኪደርስ ሥራዬም ይቆያ!»

ከምሳ በፊት የቢሮውን ቁልፍና ኮምፒውተር አስረከብኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቤት ነኝ፣ ሸጎሌ። የበጎቹ ጩኸት ከገበያው እስከ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል።

እማዬ «ለጌታ ስጪው» አለችኝ። «ለጌታ ሰጥቼው የሄኖክ ስም ለምን ወጣበት?» አልኳት። መጀመሪያ ሳቋን ደበቀች፣ ከዚያ ተቆጣች።

በእጄ ያለው፦ የራሴ ላፕቶፕ። የሞዴሉ ቅጂዎች፣ ከተሠሩበት ቀን ጋር። ለዶክተሩ የጻፍኳቸው ኢሜይሎች። ራስ ምታት።

ለማን አቤት እላለሁ? የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የእሱ ተማሪ ነበረች። መናደዱ ራሱ አደከመኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሄኖክ ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሞዴልሽ አብዷል» አለኝ።

ሞዴልሽ! ዛሬ የእኔ ሆነ።

ጽሑፉ ዓርብ ለመጽሔቱ መላክ አለበት። ማማው በጥር ወር እርሻው ደርቋል ሲል ሞዴሉ ውሃ ይተናል ይላል፤ ማማው ረጥቧል ሲል ሞዴሉ ደርቋል ይላል። እርሻው ውሃ የጠጣባቸውን ቀናት ፋይል ላክልኝ አልኩት። የመጀመሪያው መስመር፦ ጃንዋሪ 12።

ወዲያው ገባኝ። ዛፎቹን የሚያጠጡት ጋሽ ወርቁ ደብተራቸው ላይ የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ጥር 12 በፈረንጁ ጃንዋሪ 20 ነው። እኔ አንድ በአንድ ቀይሬው ነበር፤ ያ ፋይል ላፕቶፔ ላይ ቀረ። እነሱ እኔን ላለመጠየቅ ደብተሩን እንደገና ተየቡት። ሄኖክ ጥርን ጃንዋሪ ብሎ ቁጥሩን እንዳለ ተወው። በእሱ ፋይል ዛፎቹ ከመጠጣታቸው ስምንት ቀን ቀድመው ጠጥተዋል።

«አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም» አልኩት።

ዋሸሁ። ከሰኞ ወዲህ ደህና ምሳ የበላሁት ዛሬ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጋሽ ወርቁን ልሰናበት ቁስቋም ወጣሁ። ሰላም አሉኝ፣ ግን ዓይኔን ማየት አልፈለጉም።

«ልጄ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ አትምጣ ተባልኩ።»

ዶክተሩ ትናንት ለእርሻው ባለቤት ደውሏል። ሰውየው ሳያጠጣ ነው የሚጽፈው፣ ደብተሩ ውሸት ነው ብሎ። ማማው አይዋሽማ!

«ያላጠጣሁበትን ቀን አንድም አልጻፍኩም። ጉንፋን ይዞኝ የቀረሁ ጊዜ እንኳ ‹ወርቁ ታሟል› ብዬ ነው የጻፍኩት። አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ያን ገጽ ሳነብ ስቄ ነበር።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ጋሼ። ቀኑን ሲገለብጡ የተሳሳቱት እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ አትነግሪያቸውም?»

ቁልቁለቱን እስከ ታች በእግሬ ወረድኩ። ዝምታዬ ዶክተሩን እንዲመታልኝ ነበር የፈለግኩት። የመታው ሌላ ሰው ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጠዋት ላክሁት። ለዶክተሩ፣ ለሄኖክ፣ ለማላውቀው ሰውዬ፣ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ለእርሻው ባለቤት። የተስተካከሉትን ቀናት፣ የደብተሩን ፎቶ፣ የሞዴሉን ቅጂዎች በሙሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ጋሽ ወርቁ ነው። ሁለተኛው ስለ ስሜ። ነገሩን ከረቡዕ ጀምሮ እንደማውቀው አልጻፍኩም። እሱን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

ዶክተሩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደወለ።

«ይኼን ለሰው ሁሉ መበተን ምን አመጣው? ለእኔ ብትነግሪኝ አይበቃም?»

«ለእርስዎ ብቻ ብልከው የእርስዎ ይሆናል ብዬ ነው፣ ዶክተር።»

ዘጋው።

ሄኖክ በቴሌግራም፦ «ገጠመ። ይቅርታ።» ስለ ስሜ ምንም የለም። ኃላፊዋ፦ «ሰኞ ሦስት ሰዓት ቢሮ ነይ።» ለበጎ ይሁን ለክፉ አይታወቅም። ጽሑፉ ግን ዛሬ አልተላከም።

ሰፈሩ ኅዳርን እያጠነ ነው፤ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። እማዬ መስኮቱን ሁሉ ዘግታ ታስላለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ወርቁ ደወሉ። ባለቤቱ ነገም ና ብሏቸዋል።

«እንግዲህ የፈረንጁንም ቀን አብሬ ልጻፈው እንዴ?» አሉኝ።

«ተዉት ጋሼ፣ የእርስዎ ልክ ነው። መቀየሩ የእኔ ሥራ ነው» አልኳቸው።

ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ የማውቀው ግን ሰኞ ነው።